ለርካሽ ላፕቶፕ የሚገባ ወጪና የማይገባ ወጪ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጕዳይ ከየቤታችሁ የራቀ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቍጠባ ገንዘብ የተገዛ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከው፥ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ላፕቶፕ በብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ይገኛል። ባለቤቱ ማታ ማታ ሪፖርት ይጽፍበታል፤ ልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል፤ በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማር የሆነ እንደ ሆነም የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው በዚያው ውስጥ ነው። ይህ መሣሪያ በተገዛ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መንቀርፈፍ ይጀምራል። ማብሪያውን ተጭነው ጀበናው ተጥዶ ቢወርድና አቦሉ ቢቀዳ እንኳ የሚጻፍበት ገጽ ገና አይከፈትም።

በዚህ ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዱ «ጊዜው አልፎበታል፥ ሽጠህ ዐዲስ ግዛ» ይላል። ሁለተኛው «ራም ጨምርበት» ይላል። ሦስተኛው ዲስኩ ይለወጥ ባይ ነው። የመደብሩ ሠራተኛ ደግሞ፥ እንደ ነጋዴ ወግ፥ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ያመሰግናል። ሁሉም በየበኩላቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንዳቸውም የላፕቶፑን ውስጥ አላዩም፤ ምን ሥራ እንደሚሠራበትም አልጠየቁም። የዚህም ንግግር ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ሥራው በሚታገድበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የሚታገድበትንም ቦታ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ይቻላል።

ይህን ማስተዋል ቀድሞም ይጠቅም ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ግድ ሆኗል። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በማድረጉ፥ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ደመወዙ በብር የተቈረጠ ሰው በአንድ የተሳሳተ ግዢ የሚያጣው ገንዘብ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን ይችላል።

የኮምፒዩተርን ውስጥ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ መሥሪያ ቤታችሁን ማሰብ ይበቃል። ፕሮሰሰር የተባለው ክፍል ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ጕዳዩን የሚመረምረው ጸሐፊ ነው። ራም የተባለው የጠረጴዛው ስፋት ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ፋይል ተዘርግቶ ሊታይ እንደሚችል የሚወስነው እርሱ ነው። ዲስክ የተባለው ደግሞ ከምድር ቤት ያለው መዝገብ ቤት ነው፤ ሁሉ ነገር በዚያ ይቀመጣል፥ ሲፈለግ ይወጣል፥ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ጸሐፊው እጅግ ቀልጣፋ ቢሆን እንኳ፥ ፋይል የሚያመጣለት ተላላኪ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ከሆነ፥ እጁን አጣጥፎ ከመጠበቅ በቀር ምን ያደርጋል? ጠረጴዛው ጠባብ ሲሆን ደግሞ አንዱን ፋይል ለመዘርጋት ሌላውን አጥፎ ወደ መዝገብ ቤት መመለስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የጠረጴዛ ጥበት የተላላኪውን ምልልስ ያበዛዋል። በርካሽ ላፕቶፕ ላይ የሚታየው መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው። ጸሐፊው ራሱ የሚወቀስበትም ጊዜ አለ፤ እርሱንም በቦታው እናየዋለን።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ የታወቀ መሣሪያ እንውሰድ። ኤች.ፒ. 250 ጂ6 የተባለው ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበ፥ ገጹ 15.6 ኢንች የሆነ፥ ዋጋው ዝቅ ብሎ ለሥራ ታስቦ የተሠራ ነው። ከተሸጠባቸው ዓይነቶች መካከል 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ የያዙት ይገኙበታል። በክዳኑ ላይ ያለው ስም አንድ ቢሆንም ውስጡ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ኢንቴል ኮር አይ3-6006ዩ የተባለ ፕሮሰሰር አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሴሌሮን ኤን3060 የተባለውን ይዟል። ሁለቱም ባለሁለት ኮር ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በ15 ዋት ልክ፥ ሁለተኛው በ6 ዋት ልክ እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ የሥራ ጕልበታቸውም እጅግ የተራራቀ ነው። ራማቸው እንኳ አይለዋወጥም፤ ባለአይ3ው ዲ.ዲ.አር.4፥ ባለሴሌሮኑ ዲ.ዲ.አር.3ኤል የተባለውን ይወስዳል። እንግዲህ «ለኤች.ፒ. 250 የሚሆን ራም ስጠኝ» ብሎ ወደ መደብር የሚሄድ ሰው ይዞ የሄደው ግማሽ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራ ይደረጋል፤ ምርመራውም ገንዘብ አይጠይቅም። ላፕቶፑ ተከፍቶ ባለቤቱ ዘወትር የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች፥ የጽሑፉም፥ የሒሳብ ሠንጠረዡም፥ የኢንተርኔት ብራውዘሩም፥ እንደ ወትሮው ይከፈቱ። ከዚያ በኋላ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ሦስት ቍልፎች ባንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የተባለው የዊንዶውስ መስኮት ይወጣል። በዚያም ሲ.ፒ.ዩ.፥ ሜሞሪና ዲስክ ከተባሉት ዐምዶች አናት ላይ በመቶኛ የተጻፈ ቍጥር ይታያል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሲ.ፒ.ዩ.ው ግን በ20 ወይም በ30 በመቶ ላይ የሚውል ከሆነ፥ ጸሐፊው ተላላኪውን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ወጥቶ የማይወርድ እንደ ሆነ ጠረጴዛው ጠቧል። ዲስኩም ሜሞሪውም ጋብ ብለው ሲ.ፒ.ዩ.ው ብቻ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን፥ በዚያ ላፕቶፕ ላይ በገንዘብ የሚገዛ መድኀኒት የለም ለማለት ይቻላል። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ግን መሣሪያው ተከፍቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ሲነሣ ሁሉም ነገር ስለሚጨናነቅ በዚያን ጊዜ የሚነበበው ቍጥር ያሳስታል።

በዚያው መስኮት፥ ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ሜሞሪ ሲመረጥ፥ ስንት የራም መሰኪያ እንዳለና ከነዚያም ስንቱ እንደ ተያዘ ተጽፎ ይገኛል። ስታርትአፕ በሚለው ክፍል ደግሞ መሣሪያው በተከፈተ ቍጥር ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ መካከል የማያስፈልጉትን ማገድ፥ ባንድ ላይ የተጫኑ ሁለትና ሦስት ጸረ ቫይረሶች ካሉ አንዱን ብቻ ማስቀረት፥ ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ከሆነም ማስጠረግ ይገባል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ የበጋ አቧራ ውስጥ አራት ዓመት የከረመ ላፕቶፕ ተከፍቶ ሲጠረግ የሚወጣውን ያየ ሰው ነገሩን አይጠራጠርም። እነዚህ ሁሉ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህ በኋላም ቀርፋፋነቱ ካልተወገደ ነው ስለ ግዢ የሚታሰበው።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ፤ ለብዙዎቹ ቀርፋፋ ላፕቶፖች ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሃርድ ዲስክ ማለት ማግኔት የተቀባ ክብ ሰሌዳ እየተሽከረከረ፥ የሸክላ ማጫወቻ ክንድ የመሰለ ነገር በላዩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚያነብበት መሣሪያ ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ የመጀመሪያውን አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋር አወጣ። ያ ዲስክ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ይህም ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ የአንድ ፎቶግራፍ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ የሚይዘው ብዛት ከግምት በላይ አድጓል፤ የሰሌዳው መሽከርከርና የክንዱ መመላለስ ግን አልቀረም።

በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 11 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ የሚፈለገው ቦታ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፥ ይኸውም 5.5 ሚሊሴኮንድ ግድም ያልፋል፤ ክንዱም ራሱ ወደ ቦታው ለመድረስ 12 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ሲደመር፥ ከተለያየ ቦታ የሚለቀም ነገር በሆነ ጊዜ ዲስኩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሊያነብ የሚችለው 60 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ዊንዶውስ ለመነሣት ግን ብዙ ሺህ ትናንሽ ቍርጥራጮችን ከየቦታው መልቀም አለበት። አቦሉ የሚቀዳው በዚህ መካከል ነው።

ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ዲስክ የሚዞር ነገር የለውም። እንደ ፍላሽ ሁሉ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ አንድ ቍራጭ ለማንበብ የሚፈጅበት ጊዜ የአንድ ሚሊሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ግድም ነው፤ በአንድ ሴኮንድም በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ጊዜ ማንበብ ይችላል። ከ60 ወደ ብዙ ዐሥር ሺህ ማለት ነው። በሌላ በማናቸውም የላፕቶፕ ክፍል ላይ ይህን የሚያህል ለውጥ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ሰው አንድ ማሻሻያ ብቻ የሚገዛበት አቅም ያለው እንደ ሆነ፥ ያለ ብዙ ክርክር ኤስ.ኤስ.ዲ. ይግዛ እንላለን። ትርፉም በፍጥነት ብቻ አያበቃም፤ ላፕቶፕ በታክሲና በአውቶቡስ የሚንገላታ ዕቃ በመሆኑ፥ የሚሽከረከር ሰሌዳ የሌለው ዲስክ መናወጥን በእጅጉ ይችላል።

በዓይነቱ ረገድ ብዙ መጨነቅ አይገባም። ሳታ የተባለው ባለ2.5 ኢንቹ ኤስ.ኤስ.ዲ. በሃርድ ዲስኩ ቦታ ልክ ይገባል፤ በተከታታይ ሲያነብም በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ይደርሳል። ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የተባለው ዐዲሱ ዓይነት በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚፈጥን ነው፤ ነገር ግን አሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ መሰኪያው የላቸውም፤ መሰኪያው ያለውም ቢሆን፥ ደብዳቤ ለሚጽፍና ሠንጠረዥ ለሚሠራ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ አይደለም። ለጽሑፍ ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። ፎቶግራፍና ቪዲዮ የሚያከማች ሰው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ሳይጥል ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሲዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ የሆነ እንደ ሆነ፥ ማጫወቻው ወጥቶ በቦታው ዲስክ የሚይዝ ትንሽ ሣጥን ይገባበታል፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ዛሬ ሲዲ የሚያጫውት ማን አለና!

ማታለልም ያለው በዚሁ ዕቃ ላይ ስለ ሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ቴራባይት ይይዛል ተብሎ በሚያስገርም ዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ዲስክ፥ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ለኮምፒዩተሩ የሐሰት ቍጥር እንዲነግር የተሰናዳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዲስክ ሲገዙት ደኅና ይመስላል፤ ከእውነተኛው ልኩ በላይ የተጻፈበትን ፋይል ግን ያጠፋዋል። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀብሎ፥ የመመለሻ ቀነ ገደብ ተስማምቶ፥ በመጀመሪያው ቀን ዋጋ የሌላቸውን ትላልቅ ፋይሎች እስኪሞላ ድረስ ገልብጦ፥ መልሶም ከፍቶ ማየት ይገባል። አሮጌው ዲስክ ከመነቀሉ በፊትም የሚያስፈልገው ሰነድ ሁሉ በሌላ ቦታ መገልበጡ የማይታለፍ ነው። ጠጋኙ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፥ የሁለት ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ ካቻቪቴ ሊነሣ አይገባም።

ከዲስኩ ቀጥሎ የሚታየው ራም ነው። ዊንዶውስ ራሱ ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ከ4 ጊጋባይቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ ለብቻው ሜሞሪ የሌለው የሥዕል ክፍልም ከዚያው ይካፈላል። የቀረውን ብራውዘሩ በጥቂት ገጾች ይጨርሰዋል። ጠረጴዛው ሲሞላ ኮምፒዩተሩ የተዘረጋውን ወደ ዲስክ እያወጣ ይሠራል፤ ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሁለቱ ድክመቶች ይደጋገፋሉ። ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ስለዚህ ለሁሉም ሰው የሚታይ ጥቅም አለው። ከ8 ወደ 16 ማሳደግ ግን እንደ ሥራው ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ገጽ ከፍቶ ከትልልቅ ሠንጠረዦች ጋር የሚታገል የሒሳብ ሠራተኛ ያገኝበታል፤ ደብዳቤና ቃለ ጕባኤ የሚጽፍ ሰው ልዩነቱን አያየውም። በአንድ መሰኪያ ብቻ ራም ካለና ሁለተኛው ባዶ ከሆነ፥ ያለውን አውጥቶ ከመጣል በባዶው ላይ መጨመሩ ይረክሳል፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩም ፍጥነት ይጨምራሉ።

ዓይነቱን ማወቅ ግን ግድ ነው። የላፕቶፕ ዲ.ዲ.አር.3 ራም 204፥ ዲ.ዲ.አር.4 ደግሞ 260 ጥርስ ስላላቸው አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፤ ኃይል ቢጨምሩ መስበር ነው። የዲ.ዲ.አር.3 ወገን የሆኑትም ሁለት ናቸው፤ ዲ.ዲ.አር.3ኤል በ1.35 ቮልት ሲሠራ ተራው ዲ.ዲ.አር.3 ግን 1.5 ቮልት ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ፕሮሰሰሩ የሚችለው ልክ አለ፤ ቀድሞ ያነሣነው ሴሌሮን ኤን3060 ከ8 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም።

ስለ ራም ዋጋ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚባለው ሥራ የሚገነቡት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች የዓለምን የሜሞሪ ምርት በመሻማታቸው፥ ከ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት አንሥቶ ዋጋው በብርቱ ጨምሯል። በኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክሩሻል በሚባለው ስሙ ለተራ ገዢ ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ. መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከተበላሹ ላፕቶፖች የተነቀለ ራም መግዛት አያሳፍርም። ራም እንደ ባትሪ በአገልግሎት የሚደክም ዕቃ አይደለም፤ የሚሠራ ከሆነ ይሠራል። ሜምቴስት86 የተባለውን የመመርመሪያ ፕሮግራም አንድ ሌሊት አሳድሮ ስሕተት ካላሳየ ሊታመን ይችላል። ያገለገለ ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ሊጻፍበት የሚችለው ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነና ገዢው ስንቱ እንደ ተበላ በዓይኑ ስለማያይ፥ ዐዲሱን መግዛት ይሻላል።

ስለ ፕሮሰሰሩ ንግግሩ አጭር ነው። በዚህ ዓይነት ላፕቶፖች ውስጥ ፕሮሰሰሩ ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ የሚመጣ ስለ ሆነ አይለወጥም፤ የሥዕሉም ክፍል በውስጡ ነው። ስለዚህ ባለሴሌሮኑ ላፕቶፕ ኤስ.ኤስ.ዲ. ሲገባለት በቶሎ ይነሣ ይሆናል፤ ሲሠራ ግን ጸሐፊው ያው ጸሐፊ ነው፤ ሦስት የብራውዘር ገጽና አንድ የቪዲዮ ስብሰባ ባንድነት ሲመጡበት ይንገዳገዳል። በእንዲህ ያለው ላይ ዲስክ ብቻ ለውጦ በዚያው ማቆም ነው። ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኤች.ፒ. ስትሪም የተባለው ትንሽ ላፕቶፕ 2 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ የነበረው ሲሆን ሁለቱም ከሰሌዳው ጋር የተበየዱ ነበሩ፤ ዊንዶውስ ራሱን ለማደስ እንኳ ቦታ ያጣ ነበር። ማከማቻው ኢ.ኤም.ኤም.ሲ. ነው ተብሎ የተጻፈበት ላፕቶፕ ሁሉ ከዚህ ዘር ስለ ሆነ፥ አንድ ብር እንኳ ሳያወጡበት ለቀላል ሥራ ማዋል ይገባል።

ባትሪ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፤ ፍጥነት አይጨምርም፤ መብራት በሚቈራረጥበት ከተማ ግን የተጻፈን ሥራ ያድናል። የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ሲራገፍ አቅሙ በግልጽ ይደክማል። ዊንዶውስ የባትሪን ታሪክ የሚያወጣበት ትእዛዝ ስላለው፥ ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረው ልክና አሁን የሚይዘው ልክ ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል። አሁን የሚይዘው ከቀድሞው ግማሽ በታች ከሆነና ባለቤቱም መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፥ መለወጡ ይገባል። ሶኬት ላይ ሰክቶ ብቻ ለሚሠራ ሰውም ቢሆን፥ ድንገት ለሚመጣው ጨለማ ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሚቆይ ባትሪ ካለው ይበቃዋል። በኤች.ፒ. 250 ጂ6 ላይ ባትሪው ከውጭ የሚነቀል በመሆኑ ጠጋኝ አያስፈልግም። በመደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ ባትሪ ሳይሠራ እንደሚደክም፥ ያበጠ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ያለ አንዳች ማመንታት ከመሣሪያው መወገድ እንዳለበት አይዘነጋ።

ገጹን በተመለከተ ብዙ መካሪዎች በቸልታ ያልፉታል፤ እኛ ግን ለአማርኛ ጸሐፊ ዋና ነገር ነው ብለን እናምናለን። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ ያለው ገጽ በአግድም 1,366፥ በቁም 768 ነጥብ ብቻ አለው። የላቲን ፊደል በዚህ ላይ ደኅና ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ በእግርና በአንገት ላይ ባለች ቅጥል ስለ ሆነ፥ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ኩን ከኰ፥ ቡን ከቢ ለመለየት ዓይን ይታክታል፤ ቀኑን ሙሉ ረቂቅ የሚያርም ሰው ይህን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የላፕቶፑን ገጽ ማስለወጥ ውድ ነው፤ ተስማሚውን ማግኘትም ያደክማል። ይልቁንስ ያገለገለ፥ 1,920 በ1,080 ነጥብ ያለው የጠረጴዛ ሞኒተር ገዝቶ በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ገመድ ማገናኘት ይበጃል፤ ላፕቶፑ ነገ ቢሞት ሞኒተሩ ለሚቀጥለው ያገለግላል። የገመድ አልባ ኢንተርኔት ካርድ፥ የቁልፍ ሰሌዳ መብራት፥ ማቀዝቀዣ ጠረጴዛና የመሳሰሉት ግን ካልተበላሸ ነገር በቀር ገንዘብ የሚወጣባቸው አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይቀራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ዕድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን በጠቅላላው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ፕሮሰሰሮች ነው የሚቀበለው፤ አይ3-6006ዩ ስድስተኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ ኤስ.ኤስ.ዲ.ም ራምም ገብቶለት እንደ ዐዲስ የሚሮጥ ላፕቶፕ በዚህ በር ላይ ይቆማል። ክልከላውን በዘዴ አልፈው የሚጭኑ ጠጋኞች አሉ፤ ኩባንያው ግን ለእንዲህ ያለው ኃላፊነት አይወስድም።

ሁለተኛው መንገድ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሚንትና ኡቡንቱ የተባሉት በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ የአማርኛ ፊደልም ይጻፍባቸዋል። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ከመሸጋገሩ በፊት አሮጌ ሰነዶቹን መመርመር አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ በየመሥሪያ ቤቱ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፊደላት እየተጻፈ ቈይቷል። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ የራሱ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሊኑክስን በፍላሽ ላይ ጭኖ፥ ዲስኩን ሳይነኩ በዚያው አስነሥቶ፥ ዐሥር ያህል አሮጌ ሰነድ ከፍቶ መሞከር ይቻላል። ሰነዶቹ በደኅና ከተነበቡ፥ ለኤስ.ኤስ.ዲ.ው የወጣው ገንዘብ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሊኑክስ መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ ወጪው የት ላይ ይቁም? የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልጉት ማሻሻያዎች ዋጋ ተደምሮ፥ ያገለገለ ነገር ግን ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፥ ማሻሻሉ ይቅር። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ያሉት፥ እ.ኤ.አ. በ2018 ለድርጅቶች የተሠሩ ላፕቶፖች፥ ባለአራት ኮር ፕሮሰሰር ስላላቸውና ዊንዶውስ 11ን ስለሚቀበሉ፥ ተጨማሪው ገንዘብ በከንቱ አይወጣም። ለአሮጌው የተገዛው ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን በማናቸውም መንገድ አይጠፋም፤ ተነቅሎ በሣጥን ውስጥ ገብቶ እንደ ውጭ ዲስክ ያገለግላል። ራም ግን ዓይነቱ ካልገጠመ ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ይቀራል። በሚያመነታ ሰው ዘንድ ዲስኩን ማስቀደም የሚገባበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ በሚመለከት አንድ ነገር ተናግረን እናብቃ። ጤነኛ ከሆነ ሣጥን ተገዝቶለት ለመጠባበቂያ ቅጅ ቢውል መልካም ነው። ለጠጋኙ በውለታ መልክ መተው ወይም በገበያ መሸጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ የፋይሉን ስም ከማውጫው ያነሣል እንጂ ጽሑፉን ከሰሌዳው አይፍቅምና። የሠራተኞች የግል ማኅደር፥ የደመወዝ ዝርዝር ወይም ያልጸደቀ ረቂቅ የነበረበት ዲስክ፥ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ከዳር እስከ ዳር በሚጽፍ ፕሮግራም ሳይደመሰስ ከቤት አይውጣ። ይህ ሥራ ለ500 ጊጋባይት ጥቂት ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ ተጀምሮ ቢያድር ይሻላል። ዲስኩ ተበላሽቶ መደምሰስ የማይቻል ከሆነም ሰሌዳው ተሰብሮ ይጣላል፤ የላፕቶፕ ዲስክ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ከመስተዋት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በሚሰበርበት ጊዜ በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል።